ሃያ ፍሬ ባቄላ፣ የአንድ ሳምንት መብራት

ሥራዬ የኤሌክትሪክ ገበያ ሞዴል መሥራት ነው። ይህን ለሐበሻ ስናገር መጀመሪያ የሚሉኝ «ታዲያ እናንተ ቤት መብራት አይጠፋማ!» ነው። ይጠፋል። ካይሮ፣ አይን ሻምስ ሰፈር፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከሦስት ሰዎች ጋር በምጋራው ቤት ውስጥ መብራት ከጎረቤት ሁሉ አብልጦ ይጠፋል። በዚያ ዓመት በሙቀቱ ወራት ጭነት ለመቀነስ ተብሎ በየሰፈሩ በተራ ይጠፋ ነበር፤ ያ የሁሉም ነው። የቀረውን የምናጠፋው ራሳችን ነን። የቤቱ ገመድ ቀጭንና ያረጀ ስለሆነ ሁለት ከባድ ዕቃ ባንድ ጊዜ ከተሰካ ብሬከሩ ይወድቃል፣ ቤቱም ጭልም ይላል።

አገር ቤት ሳለሁ የኃይል ዕቅድ ነበር የምሠራው። በፖለቲካ ምክንያት ወጥቼ ካይሮ ከገባሁ በኋላ ባሕር ማዶ ላለ አማካሪ ድርጅት በኮንትራት እሠራለሁ። የአንድን አገር ማመንጫዎች፣ ግድቦች፣ ነዳጅና ተጠቃሚዎች ኮምፒውተር ውስጥ አስገባለሁ። ማን በየትኛው ሰዓት ምን ያህል መብራት እንደሚፈልግ፣ ለዚያም ምን ያህል ለመክፈል ፈቃደኛ እንደሆነ እሞላለሁ። ከዚያ ውሃውም ነዳጁም ሳይሟጠጥ ለሁሉም እንዴት እንደሚዳረስ ኮምፒውተሩ ይነግረኛል። ኮምፒውተሩ የነገረኝን አምናለሁ። ሰው የነገረኝን ግን ማጣራት እወዳለሁ፤ ቢያንስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ቤቱ ውስጥ አራት ነን። ጋሼ አሉ፤ አገር ቤት ታሪክ ያስተምሩ የነበሩ ሽማግሌ፣ አሁን የውሃ ሞተራችን አዛዥ። ሞተሩ ካልተነሳ ውሃ አምስተኛ ፎቅ አይወጣም፣ እሳቸው ካልፈቀዱ ደግሞ ሞተሩ አይነሳም። ናስር ሲቲ ቢሮ የምታጸዳ ልጅ አለች፤ ከሰዓት በኋላ ስትመለስ የልብስ ማጠቢያውን ትሰካለች፣ አፏ ግን ከማጠቢያው በላይ ይሠራል። ሦስተኛዋ እቴቴ ናት። የማናችንም እህት አይደለችም፤ ከእኔ በጥቂት ዓመት ስለምትበልጥና ማንንም ሳታበላ ስለማትቀመጥ ሁላችንም እቴቴ ነው የምንላት።

እቴቴ ዘጠኝ ዓመት መዳም ቤት በቤት ሠራተኝነት አገልግላለች። እዚያው ማደር ነው ሥራው፤ ክፍሏ ከኩሽናው ቀጥሎ ነበረች፣ በር ነበራት፣ ቁልፍ አልነበራትም። በፈለጉት ሰዓት በሩን ከፍተው ይጠሯታል። ስፌት ተምራ፣ ያገለገለ የኤሌክትሪክ ስፌት መኪና ይዛ ወደ እኛ ስትመጣ የጠየቀችው ስለ ኪራይ አልነበረም። «በሩ ከውስጥ ይቆለፋል?» ነው ያለችው። ይቆለፋል አልናት። ክፍሏ በረንዳው ተዘግቶ የተሠራ ነው፤ አልጋዋና መኪናዋ ከገቡ በኋላ ለሚቆም ሰው ቦታ የለውም። ሥራዋን ጨርሳ ስትገባ ግን ቁልፉ ቀጭ ሲል ከሳሎን ይሰማል። ጋሼ ያን ድምፅ ሲሰሙ «እፎይ አለች» ይላሉ።

ትምህርት ቤት ሊከፈት ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀረው የሰፈራችን ልብስ ሱቅ ባለቤት አርባ የተማሪ ዩኒፎርም እንድትሰፋ ሰጣት። ሙከራ ነው። በቀጠሮው ሐሙስ አርባውን ካስረከበች ዓመቱን ሙሉ ሥራ ይሰጣታል። የድሮዋ መዳም በየሁለት ቀኑ እየደወለች ነው፤ ካልሆነላት እቴቴ ተመልሳ ወደዚያች ቁልፍ ወደሌላት ክፍል ትገባለች። እቴቴ ይህን ሁሉ ቁጭ ብላ ነግራናለች። አልሰማሁም ልል አልችልም፤ እንዲያውም «በርቺ» ያልኳት እኔ ነኝ።

የዩኒፎርሙ ቀሚስ እጥፍጥፍ ያለ ነው። እያንዳንዱ እጥፋት ከመሰፋቱ በፊት በካውያ መተኮስ አለበት። የስፌት መኪናው ብዙ መብራት አይበላም፤ ካውያው ግን ቤቱ ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ ሆዳም ነው። ሁለተኛው ሆዳም የእኔ ተክዪፍ ነው። ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ያመጣሁት፣ ሲነሳ የሚያጓራ የአየር ማቀዝቀዣ። ለራሴ ምቾት እንዳይመስላችሁ፤ ለኮምፒውተሩ ነው። ሙቀት ሲበዛበት ስሌቱን መሐል ላይ ጥሎ ይጠፋል። ይህን ማብራሪያ ለቤቱ ሰዎች በተደጋጋሚ ሰጥቻለሁ፣ በተደጋጋሚም ሱሪዬን ጠቅልዬ ተክዪፉ ሥር ተጋድሜ አግኝተውኛል።

ከዚያ በፊት የምንተዳደረው በጩኸት ነበር። «ካውያ ልሰካ ነው!» ይባላል ከበረንዳው። «ቆይ፣ ጋኑ አልሞላም!» ይላሉ ጋሼ። «ኸላስ፣ ሞላ!» ይባላል። ጩኸቱ አንዳንዴ ሲዘገይ ብሬከሩ ይወድቃል፣ አንዱ ሄዶ ያነሳዋል፣ ይሳቃል፣ ይቀጥላል። ይህ አሠራር ለእኔ ኋላቀር መሰለኝ። ላገሮች ገበያ የምቀርጽ ሰው እንዴት በኮሪደር ጩኸት እተዳደራለሁ ብዬ ልቤ አበጠ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከሱቅ ደረቅ ባቄላ ገዝቼ መጣሁ። ሁሉንም ሳሎን ሰበሰብኩና ግድግዳው ላይ ወረቀት ለጥፌ፣ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች የሚሄድ መስመር ስዬ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳሁ። ለእያንዳንዱ ሰው በሳምንት ሃያ ፍሬ ባቄላ ይሰጠዋል። ፍሪጁ ላይ ሦስት ብርጭቆ ይቀመጣል፤ የጠዋት፣ የቀትር፣ ከሰዓት በኋላ። ከባድ ዕቃ መሰካት የፈለገ ሰው በፈለገው ብርጭቆ ውስጥ የፈለገውን ያህል ባቄላ ይጨምራል። ብዙ የጨመረ ሰዓቱን ይወስዳል። በጣም የቸገረው ብዙ ይጨምራል፣ ያልቸገረው ይቆጥባል፤ መብራቱ ሳይባክን፣ ብሬከሩ ሳይወድቅ፣ ማንም ሳይጮኽ ለሚገባው ይደርሳል። ደስ የሚል ነገር ነው፤ አሁንም በወረቀት ላይ ስህተት አላገኝበትም።

«እኔ ውሃ ልቀዳ ነው እንጂ በሬ ልገዛ አይደለም» አሉ ጋሼ።

«የውሃ ሞተሩ ከጨረታ ውጭ ነው፣ ጋሼ። ቋሚ ጭነት ብዬ መዝግቤዋለሁ።»

«ቋሚ!» አሉ፤ ቃሉን ወደውታል መሰለኝ ለራሳቸው ደገሙት።

ልጅቷ አንዷን ባቄላ አንስታ ነክሳ አየቻት። «ያዕኒ፣ ማለቴ፣ ሳምንቱ ሲያልቅ መቀቀል ይቻላል?»

አይቻልም አልኩ። ረቡዕ ጾም ሲደርስ ግን፣ የተከፈለውን ባቄላ የማጠራቅምበትን ማሰሮ ጋሼ በሽምግልና ሥልጣናቸው ቀቅለው ለቁርስ አቀረቡት። ከቤቱ ገበያ ግማሹ በዘይትና በሎሚ ተበላ። እኔም በላሁ፤ እየበላሁም በቤቱ ውስጥ ስለሚከተለው የባቄላ እጥረት ማብራሪያ እሰጥ ነበር። ማንም አልሰማኝም።

ያም ሆኖ ገበያው ሠራ። ብሬከሩ በቀን አምስቴ መውደቁ ቀርቶ በሦስት ቀን አንዴ ሆነ። ጨረታውን አብዛኛውን ጊዜ የማሸንፈው እኔ ነበርኩ። ልጅቷ ጠዋት የለችም። እቴቴ ደግሞ መጀመሪያ ሰሞን በጠዋቱ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ሦስት ፍሬ ትጨምርና፣ እኔ የያዝኩትን ይዤ ስመጣ እጇን አስገብታ የራሷን ታወጣለች።

«ምነው እቴቴ?»

«ለአንተ ይሁን። ያንተ የጭንቅላት ሥራ ነው፤ የእኔማ ጨርቅ ነው፣ ይደርሳል።»

እኔ ምን አልኩ? «አመሰግናለሁ» አልኩ። ወዲያው። አመስግኜም ገባሁ፣ ተክዪፌን አበራሁ።

ይህን ነገር አሁን ስጽፈው ፊቴ ይግላል። የዚያኑ ቀን ምሳ ላይ እቴቴ «ጠግቤያለሁ» ብላ እጇን ስትሰበስብ ዝም አላልኳትም። በሞቴ አልኳት። እንቢ አለች። ደግሜ በሞቴ አልኳት። አሁንም እንቢ ስትል ጠቅልዬ አጎረስኳት፣ በላችም። እንዳልጠገበች አውቃለሁ፤ እሷም እንደማውቅ ታውቃለች፤ እንደዚህ ነው ያደግነው። ለአንድ ጉርሻ ሦስት ጊዜ የምለምናትን ሴት፣ ለመብራት ስትሆን የመጀመሪያዋን እንቢታ ቃል በቃል ተቀበልኳት። ለምን? ብርጭቆው ውስጥ ባቄላዋ ስላልነበረ። ሞዴሉ ይሉኝታ የሚባል መሙያ ቦታ የለውም፤ እኔም ኮምፒውተሩ ፊት ስቀመጥ ሐበሻነቴን ከጫማዬ ጋር ደጅ አውልቄ ነው የምገባው።

ከዚህ የባሰው ሌላ ነው። የምሠራለት ድርጅት ሰዎች በሞዴል ውስጥ ትንሽ የቤተሰብ ምሳሌ ቢኖር ይወዳሉ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ የእኛን ቤት ጻፍኩት። ስም የለም፤ ተሳታፊ አንድ፣ ተሳታፊ ሁለት እያልኩ። ስለ እቴቴ የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ይህ ነበር፤ «ተሳታፊ አራት ለከባድ ዕቃ ያላት ፍላጎት እጅግ ዝቅተኛ ነው።» ጽፌ ስጨርስ ራሴን ደስ አሰኝቼ ሻይ አፈላሁ።

በዚያ ሰሞን እቴቴን ደረጃው ላይ ደጋግሜ አገኛታለሁ። ትልቅ አንሶላ ውስጥ የተቋጠረ ጨርቅ ታቅፋ ትወርዳለች፣ ታቅፋ ትወጣለች። አምስት ፎቅ። አንዴ እንዲያውም የታችኛውን በር ያዝኩላት።

«ሥራ ደርቷል፣ አይደል?» አልኳት።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች እያለከለከች።

ልታስረክብ የምትሄድ መስሎኝ ነበር። ለካ የበዋቡ ሚስት፣ ማለት የሕንፃው ዘበኛ ሚስት፣ ምድር ቤት ባለች ክፍሏ ውስጥ ካውያ እንድትሰካ ፈቅዳላት፣ እጥፋቱን እዚያ ተኩሳ፣ እንዳይፈታ እንደ ሕፃን ታቅፋ ይዛው እየወጣች ነበር የምትሰፋው። ዘበኛው ሲያንቀላፋ ትጠብቃለች፣ ሴትዮዋ ስታበስል ትጠብቃለች። ግማሽ ቀኗ በደረጃውና በመጠበቅ ያልቃል። እኔ ደግሞ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ መብራት ያለብክነት እንዴት እንደሚከፋፈል በብርድ ልብስ ተሸፍኜ አሰላለሁ። በብርድ ልብስ ያልኩት ለማጋነን አይደለም፤ ተክዪፉ ማስተካከያው ተበላሽቶ ነበር።

የቀጠሮው ሐሙስ ደረሰ። ለእኔም ቀኑ ትልቅ ነው፤ ሞዴሉን በቪዲዮ ለድርጅቱ ሰዎች የማቀርብበት። ከሳምንቱ ሃያ ባቄላ ያስቀረሁትን ሁሉ የቀትሩም ከሰዓት በኋላውም ብርጭቆ ውስጥ ዘረገፍኩት። ጠዋት የሰፈሩ መብራት በተራው ጠፋ። ምድር ቤት የነበረችው የበዋቡ ሚስት ደግሞ ከዋዜማው ጀምራ ልጇን ልትጠይቅ አገሯ ሄዳለች፤ ክፍሏ ተቆልፏል። መብራት ቀትር ላይ ሲመጣ የቀረው ሰዓት ሁሉ በባቄላ ተገዝቶ የእኔ ነው። እቴቴ ሃያ ስምንት ጨርሳለች። አሥራ ሁለት ይቀራታል፤ ጨርቁ ተቆርጦ ተዘጋጅቷል፣ የጎደለው ካውያ ብቻ ነው።

እያቀረብኩ ሳለ በሬ ተንኳኳ፣ ገርበብ አለ። እቴቴ ናት። በትከሻዋ ላይ የመለኪያ ሜትር እንደተንጠለጠለ ቆማለች።

«ሥራ ላይ ነህ?»

ካሜራው እንዳያየኝ ተጠንቅቄ፣ ዝቅ አድርጌ አንድ ጣቴን አነሳሁ፤ ቆይ ማለቴ ነው።

«ማሌሽ፣ ማሌሽ፣ ግድ የለም፣ ቀጥል» አለችና በሩን ቀስ አድርጋ መለሰችው። እኔም ቀጠልኩ። በዚያች ደቂቃ ስናገር የነበረውን ልንገራችሁ፤ በሚገባ የተቀረጸ ገበያ ውስጥ የቸገረው ሰው ችግሩን ሳይጠየቅ ራሱ ይገልጻል እያልኩ ነበር። ሰዎቹ ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። አንዱ የቤተሰቡን ምሳሌ ለይቶ አመሰገነ።

ደረቴን ነፍቼ ወደ ሳሎን ስወጣ እቴቴ አንሶላውን እየቋጠረች ነው። ሃያ ስምንቱን። «እንኳን ደስ ያለህ በይኝ» አልኳት። «እንኳን ደስ ያለህ» አለችኝ ከልቧ፣ ጉንጬን ሳመችኝ፣ ሄደች።

ባለሱቁ ሃያ ስምንቱን ተቀበለ፤ ስፌቱንም አመሰገነ። የቀረውንና የዓመቱን ሥራ ግን ለሌላ ሰፊ ሰጠ። ኸላስ፣ አበቃ አላት። በማግስቱ መዳም ስትደውል እቴቴ ስልኩን አነሳች። ቅዳሜ ጠዋት ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ስትሄድም ጋሼ ሞተሩን በጊዜ እንዲያጠፉ፣ እኔ በባዶ ሆዴ ቡና እንዳልጠጣ አሳስባ ነው የሄደችው።

ነገሩን የነገረችኝ ልጅቷ ናት። አልነገረችኝም፤ ጮኸችብኝ። ስለ ደረጃው፣ ስለ በዋቡ ሚስት፣ ስለ አሥራ ሁለቱ ቀሚስ።

«የሦስት ሰዓት ካውያ ነበር የቀራት! ሦስት ሰዓት!»

«ታዲያ ለምን አልጠየቀችኝም?»

«ጠየቀችህ'ኮ!» አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «በርህ ላይ ቆመች አይደል እንዴ? ከዚህ ሌላ እንዴት ትጠይቅህ? ተንበርክካ?»

ጋሼ ከወንበራቸው ሳይነሱ «ስንጮህ ይሻል ነበር» አሉ። ቢቆጡኝ እመርጥ ነበር።

ሱቁ ድረስ ሄድኩ። በዚያች በተሰባበረች አረብኛዬ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ ሴትዮዋ ሰነፍ እንዳልሆነች፣ ነገሩ የመብራት ክፍፍል ስህተት እንደሆነ አስረዳሁ። ባለሱቁ ወንበር ሰጠኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ። «ማሌሽ፣ ያ ባሽሙሀንዲስ» አለኝ፤ ጨርቁ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ያን ያህል ተዋርጄ ተቀምጬ እንኳ፣ መሐንዲስ መባሌ ትንሽ ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

ለድርጅቱም ጻፍኩ። ስለ ተሳታፊ አራት የጻፍኩት ስህተት ነው፤ ፍላጎቷ ዝቅተኛ አልነበረም፣ ከሁላችንም የበለጠ የቸገራት እሷ ነበረች፣ እባካችሁ አስተካክሉት አልኩ። ትንሽ ነገር ስለሆነ የሪፖርቱን ውጤት አይለውጠውም ብለው በትሕትና መለሱልኝ። እውነታቸውን ነው። ደግሜ አሰላሁት፤ አይለውጠውም።

ብርጭቆዎቹን አጥቤ መደርደሪያ ላይ መለስኩ። ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ ቀደድኩት። የእቴቴን ክፍል ግን ለማንም አላከራየንም፤ የስፌት መኪናዋ እዚያው አለ፣ ቁልፉም በሩ ላይ በውጭ በኩል ተሰክቷል።

በሦስተኛው ዓርብ፣ አጋዛ ስታገኝ፣ ማለትም የዕረፍት ቀኗ፣ እቴቴ መጣች። ከስታለች። ልጅቷ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፣ ጋሼ ተነስተው ቆሙ። እኔ ውሃ አመጣሁላት። በልተን ስንጨርስ ከቦርሳዋ ነጭ ቀሚሷን አወጣች፤ መዳም ቤት ከመመለሷ በፊት ቤተ ክርስቲያን ልትስም ትፈልጋለች፣ ቀሚሱ ተጨማዷል። ካውያውን ካለበት አነሳችና ዘወር ብላ እኔን አየችኝ።

«የማን ተራ ነው?» አለች።

የምታሾፍብኝ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። መሐረቧን ፈታች፤ ውስጡ ባቄላ አለ። የመጨረሻው ሳምንት ሃያ ፍሬ፣ አንድም ሳይነካ።

«እቴቴ፣ እነዚህን ለምን አልተጠቀምሽባቸውም?»

«ድንገት የሚቸግረው ሰው ቢመጣ ብዬ ነው'ኮ» አለች።

ተነስቼ ተክዪፉን ከሶኬቱ ነቀልኩት። «ያንቺ ነው» አልኳት፤ «ቀኑን ሙሉ ያንቺ ነው።» ጥፋተኛው እኔ እንደሆንኩም ነገርኳት፤ በርሽ ላይ ስትቆሚ ልነሳ ይገባኝ ነበር አልኳት፣ ተሳስቼም በርሽ አልኩ፤ የእኔ በር ነበር። «ተወው፣ ሥራ ላይ ነበርክ» አለችኝ። ቀሚሷን አምስት ደቂቃ ተኮሰች፣ ካውያውን ነቀለች፣ ተክዪፉን መልሼ እንድሰካ አዘዘችኝ። አልሰካሁም።

ከበሯ ላይ ቁልፉን አውጥቼ አቀረብኩላት።

«ያዢው። ክፍሉ እንዳለ ይጠብቅሻል።»

«ኧረ ለሌላ ሰው ስጡት፤ ስንት የሚቸገር አለ።»

«በሞቴ» አልኳት።

«ተው እንጂ፣ ባዶ ቤት ምን ያደርግልኛል?»

«በሞቴ፣ እቴቴ።»

«አይሆንም አልኩህ።»

«እኔ ልሙት፣ ያዢው።»

ሦስተኛው ላይ እጇን ዘረጋች። ባቄላውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችና ቁልፉን በመሐረቡ ልትቋጥር ጀመረች፤ ከዚያ ሐሳቧን ለወጠች። ሰዓቷን አየች፤ ሜትሮ ባቡሩ ሊያመልጣት ነው። ያም ሆኖ ቁልፉን ይዛ ክፍሏ ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ ከውስጥ ቀጭ አደረገችው። ሦስታችንም ሳሎን ተቀምጠን ጠበቅናት። አሥር ደቂቃ ያህል ቆየች።